አራት ጣት

ጥቅምት 4

ለወንድሜ፤

የናፍቆት ሰላምታ ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ ሳጥኑን ስከፍት ናፍቆቴ ጠፋ። ስለዚህ ጤንነትህን ብቻ ጠይቄ ልለፍ። ደህና ነህ?

አዎ፣ ደርሳለች። አልተሰበረችም። የግራ መስታወቷ ብቻ ታጥፎ ነበር፣ በመቀሴ ጀርባ አቃናሁት። የጠየቅከኝን ሁሉ በተራ እመልስልሃለሁ፣ መጀመሪያ ግን የኔን ስማ።

ጭቃው ምንድን ነው? ከሳጥኑ ሳወጣት ጎማዋም ሆዷም በጭቃ ተለውሶ አየሁና፣ የፖስታ ቤት ሰዎች መንገድ ላይ ጣሏት ብዬ እየተራገምኩ እርጥብ ጨርቅ አመጣሁ። አይለቅም። በጥፍሬ ፋቅሁት፣ አይለቅም። ከዚያ ከስር ያስቀመጥከውን ወረቀት አነበብኩ። የመጋዝ ብናኝ በሙጫና በቡናማ ቀለም አቡክተህ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በብሩሽ የቀባኸው ጭቃ ነው። ዝገቱም በስፖንጅ የተነካካ ቀለም ነው። አንተ ሰውዬ፣ ጭቃ ካማረህ እኛ ደጅ ሞልቷል፤ መጥተህ መዛቅ ነው። ሰው የአባቱን የጭነት መኪና በሪሞት የምትሄድ መጫወቻ አድርጎ ይሠራል፣ እሺ፣ ይሁን። ቁጭ ብሎ ዝገቷን ይቀባል? እኔ ያቺን መኪና በየሳምንቱ በሳሙና እያጠብኩ ነው ያደግሁት። አቅለሸለሸኝ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁለት።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አባባ ፈገግ አላለም። ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለትና ቆሜ ጠበቅሁ። አገላብጦ አያት፣ በሯን በትንሽ ጣቱ ከፈተ፣ ጎማዋን አዟዟረ፣ «የኔ ናት» አለ። ቀጥሎ መጋረጃዋ የታለ ብሎ ጠየቀኝ። የጋቢናው መስኮት ላይ የሰፋሁለትን ቀይ መጋረጃ ማለቱ ነው። ቁራጭ ጨርቅ ፈልጌ ሰፋሁላት። ሳሳየው ሁለት ጣት አሳጥሪው አለኝ። ታውቀዋለህ፣ ለእሱ ዓለም ሁሉ የሚለካው በጣት ነው። እዚህ መኪና ላይ ሁለት ጣት ማለት መጋረጃው በሙሉ ነው ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ስለ ሰፈሩ ጠይቀሃል። ሰፈሩ እንዳለ ነው። አባባን አሁንም «እንቅልፋሙ» ይሉታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳ ሰው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ከነጭነቷ ጠመዝማዛው ላይ በጎኗ ስለተገለበጠች፣ ለሹፌሮች ማኅበርም «ተኝቼ ነበር» ብሎ ስለፈረመ፣ ስሙ ያ ሆኖ ቀረ። ባለ ሱቁ እንኳ ሳሙና ልገዛ ስሄድ «እንቅልፋሙ እንዴት ዋለ?» ይለኛል፣ ጥርሱን ገልጦ። ስንት ጊዜ ተጣላሁት መሰለህ።

እኔ አባባ መሪ ይዞ ይተኛል ብዬ አንድም ቀን አምኜ አላውቅም። ማኅበሩ ከመዝገብ የሰረዛቸውን ሹፌሮች ጉዳይ ታኅሣሥ 25 እንደገና ያያል፤ አዲስ ምስክርነት ያለው በጽሑፍ ያቅርብ ብለዋል። አባባ አልፈልግም ብሏል። አንተ ግን መካኒክ ነህ፣ መኪናዋን ለመጨረሻ ጊዜ የነካህም አንተ ነህ። ፍሬኗ ወይም መሪዋ እክል ከነበረው ጻፍልኝ። ስሙን ብቻ ነው የምፈልገው፤ ይሄ ስም ከላዩ እንዲነሳለት።

ስልክ አትደውል ያልኩህ ተቀይሜህ አይደለም። የምሰፋበት ክፍልና የአባባ አልጋ በአንድ መጋረጃ ነው የሚለያዩት፤ ሁሉን ይሰማል።

እህትህ

*

ጥቅምት 19

እታለም፣

ደብዳቤሽን ምሳ ሰዓት ላይ ጋራዡ ውስጥ፣ ከፍ የተደረገ አውቶቡስ ስር ቁጭ ብዬ አነበብኩት። በኋላ «ትንሿ መኪና ትገለበጣለች፤ አንተም ና» ብለሽ በሹፌር እጅ የላክሻት ቁራጭ ወረቀትም ደርሳኛለች። እጅሽ አይንጠፍ፤ አባባ አፉን ፈትቶ መጋረጃ መጠየቁ ለኔ ትልቅ ዜና ነው።

ስለ ጭቃው ይቅርታ አድርጊልኝ። እዚህ እሑድ እሑድ ከከተማ ወጣ ብለን፣ ድንጋይ የበዛበት ቦታ ላይ እነዚህን ትንንሽ መኪኖች የምንነዳ ሰዎች አለን። አንድ የጥርስ ሐኪም አለ፣ አንድ የባንክ ዘበኛ አለ፣ ጡረታ የወጣ ዳኛም አለ። አዲስ የምትመስል መኪና ይዘሽ ከሄድሽ መሳቂያ ትሆኛለሽ። ያልቆሸሸች መኪና ያልኖረች ትመስላለች ይላሉ። እኔም ለመድኩትና ለሰው እንዴት እንደሚታይ ረሳሁት።

ስለ መገልበጧ አይግረምሽ፤ ዘንበል ያለ ቦታ ላይ መውደቅ የሁሉም ችግር ነው፣ በማስተካከል ይድናል። ባትሪዋ ያለው ከኋላ፣ ከጭነቱ ስር ነው። አባባ ወደ ፊት ያምጣው፣ ሻንሲው ላይ እስኪተኛ ዝቅ አድርጎ ይሰረው። የፊት ጎማዎቹን ቸርኬው ላይ የያዙት ጥቃቅን ቡሎኖች ናቸው፤ ፈትቶ ውስጣቸው የእርሳስ ብረት ይጠቅልልበት። ክብደቱ ከታች ሲሆን መሬት ትይዛለች። አሞርዛተሯ ውስጥ ያለው ዘይት ወፍራም ነው፤ ቀጠን ባለ ቢቀይረው ድንጋይ ስትወጣ እግሯ ይታዘዛል፣ አትዘልም። ቀጥ ብላ አልሄድ ካለችው ደግሞ ሪሞቱ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ጥርስ ወደ ግራ ሁለት ጊዜ ቀጭ ያድርጋት።

ባሌስትራውን ግን እንዳይነካው። መኪናዋን ከጎማዋ በላይ የተሸከመው ያ ተደራራቢ ብረት በልክ ነው የተሠራው። ሁሉም በልክ ነው፤ የእውነተኛዋ አሥር ሳንቲ እዚህ አንድ ሳንቲ ነው፣ አንዲት ሚሊሜትር አትለይም። ይሄን ስጽፍልሽ ደረቴን ነፍቼ ነው።

ፍሬኗም መሪዋም ደህና ነበሩ። ለማኅበሩ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። አባባ ተኝቼ ነበር ካለ እኔ ምን ልጨምር? ሰው ይደክማል። መምጣቱን በተመለከተ ፈቃድ አይሰጡኝም፣ ሥራ በዝቷል።

ከአባባ ጋር አብሮ ስለወደቀው ረዳቱ አንድ ቃል አልጻፍሽም። እግሩ እንዴት ሆነ?

ወንድምሽ

*

ኅዳር 2

ወንድሜ፤

«ሰው ይደክማል» የምትለዋን ቃል ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ባለ ሱቁም እኮ የሚለው ይሄንኑ ነው፤ እሱ እንኳ ሳሙና ይሸጥልኛል።

የላክኸው ምክር ሁሉ ተፈጽሟል፣ በኔ ኪሳራ። እርሳሱን ከየት እንዳመጣው ታውቃለህ? አንዲት ደንበኛዬ ላዘዘችኝ መጋረጃ ጠርዝ ላይ ማክበጃ ብዬ ከሰፋሁት። እሷ ቤት መጋረጃው ንፋስ በመጣ ቁጥር ጣሪያ ሲነካ ነው የከረመው። የአሞርዛተሩ ዘይት ደግሞ የስፌት መኪናዬ ዘይት ነው። የኔዋ መኪና ደርቃ ስትንጫጫ ያንተዋ ቅቤ ሆነችልህ። በዚያ ላይ ሠላሳ ትንንሽ ከረጢት አሰፋኝና አሸዋ ሞልቶ ጫነባት፤ የዚያን ቀን ጭነት ነው አለኝ። ሥራ ፈትቼ ለመጫወቻ ከረጢት ስሰፋ አስበኝ።

ከዚያ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ጣውላ ያጋድማል። መኪናዋን ጎኗን ሰጥታ እንድትቆም ያደርግና፣ በአንዱ ጫፍ በኩል የልኬት ደብተሮቼን አንድ በአንድ ከስር ያስገባል። መጀመሪያ አምስተኛው ደብተር ላይ ነበር የምትወድቀው። ባትሪው ተዛውሮ፣ እርሳሱ ገብቶ ሰባተኛው ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። አንድ ወገኑ በዝናብ ተንዶ ያዘነበለው ጠመዝማዛ በሱ ግምት ሰባት ደብተር ነው። እኔ ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። እሱ አያትና እርሳሱን ሁሉ መልሶ አወጣ፣ ባትሪውንም ወደ ኋላ መለሰ። ለምን ስለው «እኔ ጎማዬ ውስጥ እርሳስ አልነበረኝም» አለ።

ስለ ረዳቱ ጠይቀሃል። እንደ ወትሮው ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። እግሩ አልተመለሰም፣ አይመለስምም፤ ክራንቹን ለምዶታል። አሥራ አንድ ዓመት አብሮት የሠራ ሰው አጠገቡ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ይሄዳል፣ አባባ ግን ቀና ብሎ አያየውም። ከአደጋው ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላየውም። በገዛ አባቴ ያፈርኩት በዚህ ነው፣ ይቀፈኛል። ባለፈው ሐሙስ በዚያ የጣውላ ፈተና ላይ ደረሰ። መኪናዋ ከነከረጢቷ በቀኝ ጎኗ ስትወድቅ፣ ረዳቱ «ልክ እንዲህ ናት» አለና ተነስቶ ወጣ። ደጅ ሲያስመልሰው ሰማሁ። ውሃ ይዤለት ሄድኩ። አባባ ተኝቶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አባትሽ ያለውን ብሏል አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ደብዳቤህን ለአባባ ሳነብለት «ባሌስትራውን ግን እንዳይነካው» የምትለው ላይ ስደርስ ሳቀ። ዓመት ሙሉ ያልሳቀ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ምን ያስቃል? ለምንድን ነው የማይነካው?

እህትህ

*

ኅዳር 15

እታለም፣

አጭር ነው የምጽፍልሽ፣ ሥራ ላይ ነኝ።

መኪናዋን መልሰሽ ላኪልኝ። በሚቀጥለው ወር የኛ ሰዎች ውድድር አላቸው፣ ዳኛው በልክ መሠራቷን አይቶ ነው የሚያስገባው፣ እኔም ስሜን አስመዝግቤያለሁ። ባሌስትራዋንም ሳስበው ተሳስቻለሁ መሰለኝ፤ አንድ ሁለት ሚሊ ከፍ ሳላደርጋት አልቀረሁም። ለአባባ ሌላ እሠራለታለሁ፣ የተሻለች፣ ንጹሕ፣ ጭቃ የሌለባት። ዛሬ ነገ ሳትይ ጠቅልለሽ ላኪያት፤ ለአባባም ምንም አትንገሪው፣ ለጥገና ናት በይው።

ለምን ሳቀ ላልሽው አላውቅም። ሽማግሌ ነው።

የላክሁልሽ ሻሽ ደረሰሽ?

ወንድምሽ

*

ኅዳር 24

ኢንጅነሩ፤

ሻሹ ደርሶኛል። አስሬው ነበር፣ ፈትቼዋለሁ። መኪናዋን አልልካትም።

«አንዲት ሚሊሜትር አትለይም» ብለህ ደረትህን ነፋህ። ወር ሳይሞላ «አንድ ሁለት ሚሊ ተሳስቻለሁ» አልክ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልኩን የሚለዋውጥ ሰው ሲገጥመኝ አንድ ነገር ነው የማደርገው፣ ሜትሬን አወጣለሁ።

ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ባዶዋን፣ ከመሬት እስከ ጭነት ወለሏ ለካኋት። አሥራ ሦስት ሳንቲ ከስድስት ሚሊ። በአሥር ሳባዛው መቶ ሠላሳ ስድስት። ከዚያ የልኬት ደብተሬን አወጣሁ፤ ጣውላው ስር ሦስተኛው ሆኖ ሲያገለግል የከረመው ነው። የመኪናዋን ሸራ የሰፋሁላት እኔ አይደለሁም? አንተ ባሌስትራዋን ልትሠራ ከመፍታትህ በፊት ባለው ሳምንት እንደ ማንኛውም ደንበኛ ለክቼ ጽፌአታለሁ፦ «የአባባ መኪና፣ ከመሬት እስከ ወለል፣ 128»። ስምንት ሳንቲ ልዩነት ነው፣ ወንድሜ።

አባባ «ድንጋይ ሆዷን እየመታት ነው፣ ሁለት ጣት ከፍ አድርግልኝ» ሲልህ እኔ ገመድ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፣ ሰምቻለሁ። የአባባን ሁለት ጣት ትናንት ከምሳ በኋላ ሲያሸልብ ለካሁት፤ አራት ሳንቲ ነው። አንተ አራት ጣት አደረግሃት። ለምን እንደሆነ አልጠይቅህም፣ አውቅሃለሁና። ሱሪህን ስሰፋልህ እንኳ ስለ ምቾቱ ጠይቀኸኝ አታውቅም፣ ከሩቅ እንዴት ይታያል ነበር ጥያቄህ።

ዓመት ሙሉ እኔ እዚህ ከሰው ጋር እጣላለሁ። አባባ ከቤት መውጣት ትቷል። ረዳቱ በአንድ እግሩ ደረጃችንን ይወጣል። አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ በስፖንጅ ዝገት ትነካካለህ፣ በብሩሽ ጭቃ ትቀባለህ። ሳስበው ምራቄ ይመረኛል። ትንሽ ሳለህ አፍንጫህን የጠረግሁት እኔ ነኝ፣ ተጸይፌህ አላውቅም ነበር፤ አሁን ፖስታህን ስከፍት እጄን የምታጠብ ሆኛለሁ።

ማኅበሩ ታኅሣሥ 25 ነው የሚያየው። በገዛ እጅህ ጻፍ፣ ፈርም፣ ላክ። ጣቱንም በትክክል ቁጠር።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 8

እታለም፣

አራት ነው።

ሰላምታ አላስቀደምኩም፣ በምን ፊቴ። ይሄን ለመጻፍ ስምንት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ በሁሉም ላይ ከአየሩ ነው የጀመርኩት።

ያን ቀን አባባ ቤት አልነበረም። ሁለት ጣት አድርጌ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየኋት፤ ተራ መኪና ናት። አንድ ባሌስትራ ጨመርኩ፣ ማንጠልጠያዋንም ረዘም ባለ ቀየርኩት። ደረቷን ነፋ አድርጋ ቆመች። አማረችኝ። ፎቶ አነሳኋትና ከሥራ ማመልከቻዬ ጋር ላክሁት። ይሄ ጋራዥ የቀጠረኝ ያን ፎቶ አይቶ ነው። አሁንም አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ፣ ከመስታወቱ ስር አለ፤ ደሞዝ ልፈርም በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ።

የወደቀችው እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ስልክ ደውለሽ እያለቀስሽ «ተኝቼ ነበር ይላል» ስትይኝ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? አንቺ የሰማሽው «ወይኔ» ስል ነው። እኔ በሆዴ ያልኩት እፎይ ነው። እታለም፣ አባቴ ተዋርዶ፣ የሰው እግር ተሰብሮ፣ እፎይ አልኩ። የዚያ እፎይታ ጣዕም እስከ ዛሬ ከአፌ አልወጣም። በሄደበት ሁሉ የሚሸት ሰው ሽታው የሌላ ሰው ይመስለዋል፤ የኔ መሆኑን ግን አውቄው ነው የኖርኩት።

ትንሿን መኪና የሠራኋት ለማወቅ ነው። እኔም ጣውላ ነበረኝ። አራት ጣት ላይ ትወድቃለች፣ ሁለት ጣት ላይ ትቆማለች። አርባ ጊዜ ያህል ሞከርኩት፣ አንዴ እንኳ አልዋሸችኝም። የጥርስ ሐኪሙ አንድ ቀን አየኝና፣ ባሌስትራዋን አውርዳት እንጂ ምን ትታገላለህ ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ በአራት ጣቷ ጠቅልዬ ላክሁላችሁ። ለምን ብትዪኝ፣ አባባ ራሱ ይድረስበት ብዬ ነው፤ እኔ እንዳልናገር። ልትደርሱበት ስትሉ ደግሞ ፈራሁና አትንኩ አልኳችሁ። ውድድር የሚባልም የለም፣ ውሸቴን ነው።

ምስክርነቱን ፈርሜ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። መጨረሻው ላይ፣ አባቴ ያዘዘኝ ሁለት ጣት ነው፣ አራት መደረጉን አያውቅም ነበር ብያለሁ፤ ይሄ እውነት ነው። የመጨረሻዋን መስመር ለአባባ አንብቢለት፣ ሌላውን እንደፈለግሽ።

ሻሹን ጣዪው።

ወንድምሽ

*

ታኅሣሥ 26

ወንድሜ፤

ቃልህ ደርሶናል። መጀመሪያ ብቻዬን አነበብኩት፣ አስጠላኸኝ፣ ሁለተኛም አነበብኩት። ስለ እፎይታህ የጻፍከውን ብዙ ነገር ልልህ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳይ ስድቤን ለማን እንደማካፍል ግራ ገባኝ።

ሐሙስ ነበር፣ ረዳቱም ነበር። ምስክርነትህን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩት። አባባ ጣውላውን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝ። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ነው የጠየቀኝ፣ «ስንት ጣት ብሎ ጻፈ?» አራት ብሏል አልኩት። እንግዲያው አልዋሸም አለ። ቀጥሎ፣ እንደ ተራ ነገር፣ «እኔም አውቅ ነበር» አለኝ።

የጻፍከው የመጨረሻ መስመር እውነት አይደለም፣ ወንድሜ። አንተ እውነት መስሎህ ነው፣ እሱን አልከስህም። መኪናዋን ከሠራሃት በኋላ የመጀመሪያው ጠዋት ጋቢና ሊወጣ እግሩን ሲያነሳ መርገጫውን አጣው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳያይ የሚረግጠው መርገጫ ነው። ወርዶ በጣቱ ለካው። ረዳቱ አጠገቡ ነበር፤ ከፍታዋ ለጭነት አይሆንም፣ ዛሬ እንኳ ግማሽ እንጫን አለው። አባባ ሙሉውን ጫን አለው። ልጄ የሠራትን ሰው ፊት አስፈትቼ አላዋርደውም አለው። ይሄን ሲነግረኝ ልቤ ሊራራ ነበር፤ እሱ ግን ቀጠለ። ነዳጅ ማደያው ጋ ሹፌሮቹ ዞር ዞር ብለው ሲያዩዋት ደስ ብሎኝ ነበር አለ። አየህ? አማረችው። ያንተ ዓይን ከየት እንደመጣ ስፈልግ ኖሬ አገኘሁት።

ከሳምንታት በኋላ ስትወድቅ ለማኅበሩ አውቄ ነዳሁ ከማለት ተኝቼ ነበር ማለት ቀለለው። የተኛ ሰው ያሳዝናል፣ የነቃ ሰው ይጠየቃል። አንተንም ሸፈነ፣ ራሱንም ሸፈነ፣ በአንድ ብርድ ልብስ። ረዳቱን አንተስ ለምን ዝም አልክ ብዬ ጮህኩበት። ማን ጠየቀኝ አለኝ። እውነቱን ነው። ደጅ ውሃ ይዤለት ስወጣ እንኳ የጠየቅሁት አባባ ተኝቶ ነበር ወይ ብዬ ነው፤ አንተስ ምን አልከው ብሎ የጠየቀው የለም። ሦስት ወንዶች አንድ ነገር ታውቃላችሁ፣ እኔ ዓመት ሙሉ ባለ ሱቅ ስሰድብ ኖሬአለሁ። አባቴ አልተኛም እያልኩ! እውነቴን ነበር፣ አልተኛም። ባይነግረኝ ኖሮ ይሄን እውነት በኩራት እሞትበት ነበር። ተነስቼ ወጣሁና ጓሮ ቆሜ ቆየሁ። ቤቱም፣ ጣውላውም፣ የሰፋኋቸው ሠላሳ ከረጢቶችም አስጠሉኝ።

ስመለስ አባባ ባሌስትራዋን ፈትቷት አገኘሁ። አንዱን አወጣ፣ ወደ ሁለት ጣት አወረዳት፣ ያለ እርሳስ፣ ባትሪውም በቦታው። ሪሞቱን ለረዳቱ ሰጠው። እኔ ደብተሮቼን አስገባሁ፣ አንድ በአንድ። ሰባተኛው ላይ ቆመች። ስምንተኛውን ጨመርኩ፣ ቆመች። አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ የረዳቱን ፊት አየ። «ነግረኸኝ ነበር» አለው። ረዳቱ ሪሞቱን አስቀመጠና አዎ፣ ነግሬህ ነበር አለ። እኔ ደብተሮቼን ከጣውላው ስር ሰበሰብኩ።

ማኅበሩ ምን አለ ብለህ እንደምትጠይቅ አውቃለሁ፣ ሳትጠይቅ ልንገርህ። ትናንት ከረዳቱ ጋር ሦስታችንም ሄድን። ያንተን ወረቀት አስገባሁ፤ አባባ ደግሞ የራሱን እንድጽፍለት አደረገኝ። የመጀመሪያው መስመር «ነቅቼ ነበር» ይላል። ጸሐፊው አነበበና በአዘኔታ አየው። አባት፣ በልጅዎ ወረቀት ብቻ ቢሆን ይመለሱ ነበር፣ ይሄኛው ከገባ ግን መዝገቡ ለዘላለም ይዘጋል፣ ይውሰዱት አለው። አባባ ብዕሩን ተቀብሎ ፈረመ። ተዘግቷል።

ስንመለስ ባለ ሱቁ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። «እንቅልፋሙ ዛሬስ ወጣ ብሏል!» አለ። አፌን ስከፍት አባባ ክንዴን ያዘኝ። ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ «ነቅቼ ነበር» አለው። ባለ ሱቁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። አባባ አልሳቀም፣ እስኪጨርስ ጠበቀው። ስሙ ከላዩ እንዲነሳለት ነበር የፈለግሁት፤ ተነስቶለታል፣ በዚህ መልኩ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ጭቃህን አባባ በምላጭ እየፋቀው ነው። ቀለሙም አብሮ እየተነሳ ነው፣ ግድ የለውም።

ይቅር ብዬህ እንደሆነ አትጠይቀኝ። አንተንም እሱንም ገና አልቻልኩም፤ ምግብ ሳቀርብለት ፊቴን አዙሬ ነው። ግን ፈቃድ አይሰጡኝም የምትለውን ተው፣ ና። ስጦታ አትያዝ። ሐሙስ ቀን ና፤ በሩን የሚከፍትልህ ረዳቱ ነው። በክራንቹ እስኪደርስ ጊዜ ይወስድበታልና ደጅ ቆመህ ጠብቀው።

እህትህ